ቡሄን በስዊድን ጫካ፦ ድንኳን መትከልና ችቦ ማብራት ይፈቀድልናል?

የእስቴ ልጅ (ስቶክሆልም)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የአውቶቡስ ሹፌርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ዘንድሮ እኔና ሦስት ጎረቤቶቼ ከሕንፃዎቹ መካከል ወጥተን፣ ልጆቻችንን ይዘን፣ ቡሄን ጫካ ውስጥ በድንኳን አድረን ለማክበር ተስማምተናል። አምና ያከበርነው የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ነበር። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ማለት እንደጀመሩ አንዲት ሴት ከአምስተኛ ፎቅ መስኮቷን ከፍታ ፖሊስ እጠራለሁ አለች። ያን ጊዜ ችቦው ገና አልተለኮሰም። ቢለኮስ ምን ትል እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

እቅዳችን ይህ ነው። ነሐሴ 13 (ኦገስት 19) የሚውለው ረቡዕ ስለሆነ ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ ማታ ወጥተን እሑድ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። አራት ቤተሰብ ነን፤ አምስት ድንኳን አለን። ያየነው ቦታ ከከተማው በስተደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ ርቀት ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ሙልሙል እንጋግራለን፣ ቡና በጀበና እናፈላለን፣ ሲመሽ ችቦ እናበራለን። ከጎረቤቶቼ አንዱ ጅራፍ ራሱ ገምዶ ለልጁ ሰጥቶታል፤ ውሻም አላቸው።

ችግሩ ምክሩ መለያየቱ ነው። ይኸው ጎረቤቴ «እዚህ አገር መሬቱ የሁሉም ነው፣ በሕገ መንግሥት ተጽፏል፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «ያ መብት የዜጎች ነው፤ እኛ ስንሆን ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል» ትላለች። ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት ሐይቅ ዳር ምሳ እየበላን ሳለ አንድ ውሻ የያዘ ሰው መጥቶ «የግል መሬት ነው» ብሎ አስነሥቶናል። ቤት በአካባቢው አልነበረም፤ «ፕሪቫት» የሚል ሰሌዳ ግን መንገዱ መግቢያ ላይ ነበር። ልጆቼ ፊት ስለነበር ክርክር ውስጥ ሳልገባ ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

የምታውቁት ካለ ንገሩኝ፤ እንዲያው በግምት አይሁን።


ጥሩወርቅ (ሶደርቴልየ)፦

ልጄ፣ መጀመሪያ ባለቤትህን ላሳርፋት። አለማንስሬተን የሚሉት ይህ የሁሉም ሰው መብት ዜግነት አይጠይቅም፤ የመኖሪያ ፈቃድም አይጠይቅም። ለሳምንት የመጣ ጀርመናዊ ጎብኚ፣ ትናንት የገባ ስደተኛና መሬቱን ከቅድመ አያቱ የወረሰ ገበሬ ጫካው ውስጥ እኩል ይራመዳሉ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገብቷል። ጎረቤትህ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን ሰው ሁሉ በዚህ መብት መሠረት ወደ ተፈጥሮ መውጣት ይችላል ብሎ እዚያው ላይ ያቆማል። ስንት ድንኳን፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ሌሊት የሚል ዝርዝር ሕግ የለም። ከልማድ የመጣ መብት ነው፤ ዳር ድንበሩን የሚያበጁለት ሌሎች ሕጎች ናቸው፦ የሰውን ቤት ሰላም የሚጠብቀው የወንጀል ሕግ፣ የአካባቢ ጥበቃ ሕጉ፣ ከመንገድ ውጭ በመኪና መንዳትን የሚከለክለው የ1975 ሕግ። የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሁሉንም አሳጥሮ «አትረብሽ፣ አታበላሽ» ይላል። ጎረቤትህ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ እንቅልፍ ወስዶታል።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአረጋውያን እንክብካቤ ሠርቻለሁ። ጫካውን ያስተማሩኝ የምንከባከባቸው አሮጊቶች ናቸው፤ የእንጉዳይ ቦታቸውን ለልጆቻቸው እንኳ የማይናገሩ ሴቶች ለእኔ ነግረውኛል። ስለዚህ የምልህ ከመጽሐፍም ከእግርም የመጣ ነው።

አምስት ድንኳን ይበዛል። ቁርጥ ያለ ቁጥር ባይኖርም፣ ሁለት ሦስት ድንኳን አንድ ቦታ ላይ ለአንድ ሌሊት ቢበዛ ለሁለት ቢተከል ማንም አይናገርህም። ከዚያ ሲያልፍ ሣሩም ይረገጣል፣ ሽንት ቤቱም ይበዛል፣ ድምፁም ይበዛል፤ እንግዲህ ባለ መሬቱን መጠየቅ ነው። ባለ መሬቱ ማን እንደሆነ ማወቅ ከባድ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ሊሆን ይችላል፣ የመንግሥቱ የደን ኩባንያ ሊሆን ይችላል፣ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሰፊ ደን አላት፤ ካልሆነም ገበሬ ነው። የመሬት ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ላንትሜቴሪየት ቦታውን በካርታ ካሳየኸው የንብረቱን ባለቤት ይነግርሃል። እኔ የማኅበራችንን ሴቶች ይዤ ስወጣ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ሰውዬው አዲስ ችግኝ የተተከለበትን ጎን እንዳንነካ ብቻ ለመነን፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የት ንጹሕ ውኃ እንዳለ ነገረን። እምቢ ቢልም እምቢታውን ሰምተህ ሁለት ድንኳን እዚህ፣ ሦስት ድንኳን ሌላ ሐይቅ ዳር አድርጋችሁ መለያየት ትችላላችሁ። አንድ ላይ ካልሆነ ቡሄ አይሆንም ካላችሁ ግን የሚከፈልበት የካምፕ ቦታ አለ።

ቦታ ስትመርጥ የእርሻ ማሳ ላይ አትትከል፤ እሱን ለእስቴ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ችግኝ የተተከለበት ቦታ ግን ለማያውቅ ሰው የተመነጠረ ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ ጎንበስ ብለህ እይ፣ ክንድ የማያህሉ ጥዶች ተደርድረው ታገኛለህ። ከብት የሚሰማራበት ቅጥር ውስጥ ማለፍ ትችላለህ፤ ያገኘኸውን በር እንዳገኘኸው ዘግተህ ሂድ። ከሰው ቤት መራቅን በተመለከተ ሜትር አትፈልግ። እኔ የምሠራበት መለኪያ ይህ ነው፦ ከድንኳኔ ሆኜ መስኮታቸው የማይታየኝ፣ እነሱም ከበረንዳቸው ሆነው ሳቄን የማይሰሙኝ ቦታ። ሐይቅ ዳር ደግሞ ማታ ድምፅ በውኃው ላይ ተንሸራቶ ማዶ ይደርሳል። ማዶ ያለችው ጎጆ ባዶ ትመስልሃለች፤ በኦገስት አጋማሽ ግን ባዶ አይደለችም።

አሁን ወደ ችቦው። ልጄ፣ እዚህ ላይ ነው የምቆጣው።

አገር ቤት ቡሄ የሚውለው በክረምቱ መካከል ነው። ምድሩ ጭቃ ነው፣ ጣራው እርጥብ ነው፤ ችቦው ከእጅህ ቢወድቅ ራሱ ይጠፋል። እዚህ ኦገስት የብሉቤሪው ቅጠል የሚንኮሻኮሽበት ወር ሊሆን ይችላል። በ1999 ከስቶክሆልም ደቡብ የሚገኘው የቲሬስታ ብሔራዊ ፓርክ በዚሁ በኦገስት ወር ተቃጥሏል፤ የጥዱ አጥንት እስካሁን ቆሞ ታየዋለህ። በ2014 ቬስትማንላንድ ውስጥ ከ13 ሺህ ሄክታር በላይ ነደደ፤ እሳቱን ያስነሣው ሥራ ላይ የነበረ የደን ማሽን ነው፤ ብረት ድንጋይ ነክቶ። በ2018 ደግሞ በመላ አገሪቱ ወደ 25 ሺህ ሄክታር ነደደ። የማሽን ጥርስ ይህን ካደረገ የሚንጠባጠብ ችቦ የያዙ ሰባት ልጆች ምን እንደሚያደርጉ አስብ።

እሳት ማንደድ በዚህ መብት ውስጥ አለ፤ ግን በሁኔታ የታሰረ ነው። በደረቅ ጊዜ የአውራጃው አስተዳደር ወይም የማዘጋጃ ቤቱ የእሳት አደጋ አገልግሎት ክልከላ ያውጃል። ተራው ክልከላ ሲታወጅ አብዛኛውን ጊዜ ለዚሁ በተሠራ ማንደጃ ላይ መጥበስ ይቻላል፤ ጠበቅ ያለው ሲታወጅ ያም ይቀራል። ክልከላው ከአውራጃ አውራጃ ስለሚለይ የምትሄድበትን አውራጃ ማስታወቂያ በወጣህበት ቀን አንብብ፤ የባለፈውን ሳምንት አትመን። ክልከላ በሌለበት ቀንም ቢሆን እሳት የሚነደው ጠጠር ወይም አሸዋ ላይ ነው። ለስላሳው አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ አይነድም፤ እሳቱ ከሥር ገብቶ አንተ ቤትህ ከተኛህ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ራቁት አለት ላይም አይነድም፤ አለቱ በሙቀቱ ይሰነጠቃል፣ ጥቁሩ ጠባሳ የልጅ ልጅህን ይጠብቃል። ከሱቅ የምትገዛው የአንድ ጊዜ መጥበሻም ያው እሳት ነው፤ ሥሩ ያለውን ሁሉ ይጠብሳል።

ስለዚህ ችቦውን እንዲህ አድርግ። ማዘጋጃ ቤቱ የሠራው ማንደጃ ያለበት ሐይቅ ዳር ፈልግ፤ ብዙ ናቸው። እዚያው ማንደጃው ውስጥ ችቦውን አቁማችሁ ለኩሱት፤ አባቶች ባልዲ ውኃ ይዘው ይቁሙ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ይጨፍሩ። ይዞ መሮጥ የለም። እንጨቱን ከቤት ይዘህ ሂድ ወይም ግዛ። መሬት ላይ የወደቀ ጭራሮና የጥድ ፍሬ መልቀም ይፈቀዳል፤ ከቆመ ዛፍ ቅርንጫፍም ቅርፊትም መውሰድ አይፈቀድም፤ ሙሉው ወድቆ የተኛ ግንድም የባለ መሬቱ ንብረት ነው።

ደግሞ ልብ በል፣ ፍልሰታ ነው። ሥጋ አትጠብሱም። ሽሮውም ቡናውም በጋዝ ምድጃ ይሆናል። ግማሹ የእሳት ጣጣ በጾሙ ቀርቶላችኋል።


ባለ ካርታው (ስቶክሆልም)፦

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የጻፉት ጥሩ ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ችቦ በማንደጃ ውስጥም ቢሆን በነፋስ ቀን ብልጭታው ከባልዲ ውኃ በላይ ይሄዳል። እኔ ብሆን ለልጆቹ የባትሪ ፋኖስ አሲዤ ሆያ ሆዬ አስብላቸዋለሁ፤ እውነተኛውን ችቦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያያሉ። ብራንድሪስክ ኡቴ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ፤ በቆምክበት ቦታ የዕለቱን የእሳት አደጋ መጠንና ክልከላ መኖር አለመኖሩን ያሳይሃል። ጫንበት።

እኔ የምጨምረው ስለ ጥበቃ ቦታዎች ነው። የምትሄድበት ሐይቅ በተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ውስጥ ከሆነ እስካሁን የተባለው ሁሉ ሊቀየር ይችላል። እያንዳንዱ የጥበቃ ክልልና ብሔራዊ ፓርክ የራሱ ደንብ አለው። አንዱ ድንኳን ይፈቅዳል እሳት ይከለክላል፣ ሌላው በተመደበ ቦታ ብቻ ያሳድራል፣ ሌላው ጨርሶ አይፈቅድም። መግቢያው ላይ ካርታ ያለበት ሰሌዳ ይቆማል፤ ደንቡ እዚያ ተጽፏል። ሰሌዳውን ፎቶ አንሣና ባለቤትህ ፊት አንብበው፤ ከማንም ምክር ይሻላል። በአንዳንድ ደሴቶችና የሐይቅ ዳርቻዎች ደግሞ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወራት መቅረብ የሚከለክል ሰሌዳ አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆች ጋር ለሚወጣ ሰው የምመክረው የሶርምላንድ የእግር መንገድን ነው። ከስቶክሆልም የምድር ባቡር ጣቢያ ከቢዮርክሃገን ተነሥቶ በአጠቃላይ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ አንተ የሚያስፈልግህ ጥቂቱ ነው። በየመንገዱ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ የእንጨት መጠለያ ታገኛለህ፤ አብዛኛውም አጠገቡ ማንደጃ አለው። መጠለያው የሚያዘው በቀደመ ነው፤ ዓርብ ማታ አራት ቤተሰብ ይዘህ ደርሰህ ሌላ ሰው ብታገኝበት ውጣልኝ ማለት አትችልም። ያን ለማስቀረት ድንኳን ይዞ መሄድ ነው።

ስለ ውሻው ማንም አላነሣም። ከማርች 1 እስከ ኦገስት 20 ውሻ የዱር እንስሳ ባለበት ቦታ ልቅ እንዳይሮጥ ሕጉ ያስገድዳል። እናንተ የምትወጡት ኦገስት 14 ነው። ስለዚህ ገመድ።


የጎጃሟ ልጅ (ኦስሎ)፦

ይህን እያነበባችሁ ወደ ኖርዌይ የምትሻገሩ ካላችሁ፣ መብቱ አንድ ቢመስልም ቁጥሩ ሌላ መሆኑን እወቁ። እዚህ ከ1957 ጀምሮ የተጻፈ ሕግ አለ። ያልታረሰና ያልታጠረ መሬት ላይ ድንኳን ትተክላለህ፤ ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ትርቃለህ፤ አንድ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ ከሁለት ሌሊት በላይ አታድርም፣ ከፍ ባለው ተራራ ወይም ከመንደር በራቀ ቦታ ካልሆነ። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ደግሞ ጫካ ውስጥም ጫካ አጠገብም ልቅ እሳት ክልክል ነው፤ እሳት ሊነሣ እንደማይችል በግልጽ በሚታይ ቦታ ካልሆነ በቀር። ቡሄ መሃሉ ላይ ነው የሚወድቀው። ባሕር ዳር ጠጠር ላይ ወይም የተሠራ ማንደጃ ላይ አክብሩ። ፊንላንድ ያለችው እህቴ ደግሞ እዚያ መራመድና ማደር ቢፈቀድም ልቅ እሳት ለማንደድ የባለ መሬቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነግራኛለች። ዴንማርክ ጨርሶ ሌላ ነው፤ የፈለጉበት መትከል የለም፣ መንግሥት በለያቸው ደኖች ብቻ ነው። ድልድዩን በተሻገራችሁ ቁጥር አዲስ አገር መሆኑን አስቡ።


የእስቴ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የእትዬ ጥሩወርቅን መልስ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ለእናቷም በስልክ አነበበችላት። ውሻው በገመድ ይሆናል። የባትሪ ፋኖሱን ሐሳብ ልጆቹ አልወደዱትም፤ ማንደጃ ያለው ቦታ እፈልጋለሁ።

የቀሩኝ ጥያቄዎች፦ ያ «ፕሪቫት» የሚለው ሰሌዳ ምን ዋጋ አለው? መኪናዎቹን የት እናቁም? ደግሞም ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሽንት ቤት ለአሥራ ስድስት ሰው እንዴት ይሆናል? ጅራፉስ?


ጥሩወርቅ፦

ሰሌዳው ብቻውን መብትህን አይወስድም። መሬቱ የግል መሆኑ ምንም አያስገርምም፤ የስዊድን ደን ግማሽ ያህሉ የግለሰብ ነው፤ መብቱም የተሠራው በሰው መሬት ላይ ለመራመድ ነው። የሚወስነው ቤት ቅርብ መሆኑና አለመሆኑ፣ ማሳ መሆኑና አለመሆኑ ነው። ሰሌዳው የቆመው የአንድን ቤት ቅጥር ለማመልከት ከሆነ ተመለስ። ሰው እንዳያልፍ ጫካውን በሙሉ ለማስፈራራት ከሆነ ግን ጉዳዩን የሚከታተለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ፎቶ አንሥተህ ትልክላቸዋለህ። ልጆችህ ፊት አለመከራከርህ መልካም ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ «ቤትህ የትኛው ነው? እንዳልረብሽህ» ብዬ እጠይቃለሁ። ቤት ካለው በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔም እርቃለሁ። ከሌለው የሚያሳየኝ ያጣል።

መኪና የዚህ መብት አካል አይደለም። መብቱ የእግር፣ የብስክሌት፣ የበረዶ መንሸራተቻና የጀልባ ነው። መኪናውን ሣር ላይ ወስደህ ድንኳኑ አጠገብ ማቆም ከመንገድ ውጭ መንዳት ነው፤ ያስቀጣል። የግል መንገዶች ላይ የሞተር ተሽከርካሪ መከልከያ ምልክት ካለ በእግር ትገባለህ። የብረት መዝጊያው ፊት ለፊት አታቁም፤ ቅዳሜ ነው ማን ይመጣል ብለህ አትገምት፣ እንጨት የጫነ መኪና ወይም የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል። አንድ ኪሎ ሜትር ተሸክሞ መሄድ ዕቃ ያስቀንሳል። ድምፅ ማጉያው መኪናው ውስጥ ይቀራል፣ ጀበናዋ ትሄዳለች።

ሽንት ቤት ላይ ይቅርታ አትጠይቅ፤ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ለአሥራ ስድስት ሰው ሁለት ሌሊት በአንድ ቁጥቋጦ አይሆንም። ደረቅ ሽንት ቤት ያለው ማረፊያ ምረጥ፤ ማንደጃ ባለበት ብዙ ጊዜ እሱም አለ። ከሌለ ከውኃውም ከመንገዱም ርቀህ ስንዝር የሚያህል ጉድጓድ ቆፍር፣ ከዚያ አፈሩን መልስ። ወረቀቱን በከረጢት መልሶ መያዝ ይሻላል፤ የሕፃን እርጥብ መጥረጊያ ጨርሶ አይቀበርም። ቆሻሻ መጣያው ሞልቶ ካገኘኸው ጎኑ አታስቀምጥ፤ ቀበሮና ቁራ ሌሊቱን ሲበትኑት ያድራሉ። ወደ ቤት ይመለሳል። የቡናውን አተላም ሐይቁ ውስጥ አትድፋ፤ ምግብ የነካ ዕቃም ሐይቁ ውስጥ አይታጠብም።

ማታ ማታ ልጆቹን ራቁታቸውን ፈትሻቸው፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ከፀጉር ሥር። መዥገር አገር ቤት የከብት ነው ብለን እንንቀዋለን፤ እዚህ ሁለት በሽታ ይይዛል። ቦሬሊያ ክትባት የለውም፤ በጊዜ ከተገኘ በፀረ ተህዋስ መድኃኒት ይድናል። ቲቢኢ የሚባለው አንጎልን የሚነካው ግን ክትባት አለው፤ በስቶክሆልምና በሶርምላንድ ዙሪያ ለሚወጣ ሰው የሚመከር ነው። ክትባቱ በአንድ መርፌ ስለማያልቅ ከአሁኑ ጀምሩ። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ንቀል። ቅቤም ክብሪትም አያስፈልግም።

ጅራፉን በተመለከተ፦ እሑዳችሁ ኦገስት 16 ነው። በዚያ ቀን ሮዶየር የሚሉት ሚዳቋ መሰል እንስሳ ወንዱን ማደን ይጀመራል። አዳኙ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ በዝምታ ተቀምጧል። ከዚያ የእናንተ ልጅ ጅራፉን ያጮኸዋል። ለአዳኙም ለልጁም ደግ አይደለም። አዳኝ ይተኩስባችኋል ማለቴ አይደለም፤ ጫካ ውስጥ መሆናችሁ እንዲታወቅ ግን ለልጆቹ ደማቅ ቀለም ልብስ አልብሷቸው። ጅራፉን ከተማ ስትመለሱ ሰፊ የኳስ ሜዳ ላይ፣ በቀን።


ዘደብረ ታቦር (ሊድስ)፦

እንዴት ያለ አገር ነው ያላችሁት! እንግሊዝ ውስጥ ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ ድንኳን የመትከል አጠቃላይ መብት የለም። ዳርትሙር የሚባለው ከፍተኛ ምድር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ያንንም ባለ መሬቶች ፍርድ ቤት ወስደውት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና በሜይ 2025 መብቱ ጸና። ስለዚህ እኔ ወደ ስኮትላንድ ነው የምነዳው። እዚያ የ2003 የመሬት ሕግ አለ፤ በትንሽ ቁጥር ሆነህ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ማደር ትችላለህ። እዚያም ግን ሕዝብ ሲበዛ ይጠብቃል፤ በሎክ ሎመንድ ዳርቻዎች ከ2017 ጀምሮ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያለ ፈቃድ የማይታደርባቸው ቦታዎች ተለይተዋል። ምክንያቱ የተቆረጠ ዛፍ፣ የተጣለ ድንኳንና የሰው ብዛት ነው።

አገር ቤት ሰሜን ተራሮች ስወጣ ደባርቅ ላይ ተመዝግቤ፣ ከፍዬ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦልኝ ነው ሳንቃበርና ግጭ ያደርኩት። ስካውቱ የት እሳት እንደሚነድ፣ የት ድንኳን እንደሚተከል ያውቃል፤ ራስህ ማሰብ የለብህም። እዚህ ስካውቱ አንተ ነህ። እኔ ያን መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም፤ አሁን ደግሞ ሌላውን አልፈልግም።


የእስቴ ልጅ፦

ለሁላችሁም ምስጋና። ካርታውን ይዤ ላንትሜቴሪየት ደወልኩ፤ የሐይቁ ምሥራቅ ዳር የገበሬ፣ ምዕራቡ የማዘጋጃ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። ማዘጋጃ ቤቱ በኢሜይል መለሰልኝ፦ የጥበቃ ክልል አይደለም፤ አምስት ድንኳን ለሁለት ሌሊት ከማንደጃው አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ከሆነ ተቃውሞ የላቸውም፤ የእሳት ክልከላ ካለ ማንደጃውን ሊዘጉት ይችላሉ፤ መኪናዎቹን ደግሞ ስምንት መቶ ሜትር ርቆ ባለው ማቆሚያ እንድናቆም ይላሉ። አትመን ሁለት ቅጂ ይዘናል፤ አንዱ ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ባለ ጅራፉ ጎረቤቴ አኩርፏል። ይበርድለታል። ክልከላ ከታወጀ ችቦውን ትተን በፋኖስ እናደርገዋለን፤ ልጆቹንም ከአሁኑ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፦ ከበሮ እንያዝ ወይስ አንያዝ?


ጥሩወርቅ፦

ማዶው የገበሬ ነው ብለሃል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ልጅ ይዘህ፣ ሙልሙል በነጭ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ ዞረህ ሄደህ አንኳኳ። ማታ የሚዘፍኑት ልጆች እነዚህ ናቸው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ያበቃል በለው። ከዚያ በኋላ ከበሮውን ያዝ። ሳትነግረው ከሆነ ግን ጭብጨባ ይበቃችኋል።


ባለ ካርታው፦

ስምንት መቶ ሜትር ከአምስት ድንኳንና ከጀበና ጋር ረጅም ነው። ከሱቅ የሚሸጥ ተጣጣፊ ባለ ጎማ ጋሪ አለኝ፤ ስቶክሆልም ከሆንክ በግል መልእክት ጻፍልኝና መጥተህ ውሰደው።